የለመደ እጅ፦ የታላቅ እህታችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከታይፒስት እናታቸው ጥቅምት 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በአንደኛው ክፍል አባታቸው የሰው ሰዓት ይፈቱበት ነበር፤ በሁለተኛው ቤተሰቡ ሁሉ ይበላበታል፣ ይተኛበታል፣ ይጣላበታል። ጡት የሚጠባ ሕፃንን «እሳቸው» ማለት ይህን ለሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸውም ግር ይለዋል፤ ደንቡ ግን ደንብ ስለሆነ በዚሁ ይቀጥላል።

እናታቸው ያላለቀ የመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ቤት ያመጡ ነበር። ዓይናቸው ምድጃው ላይ፣ አፋቸው ልጆቹ ላይ፣ ጣታቸው ታይፕ ማሽኑ ላይ ሆኖ አንዲት ፊደል አይስቱም። እህታችን ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ጠረጴዛው ሥር እንደተቀመጡ፣ አንዲት ፊደል የት እንዳለች እናታቸውን ጠየቁ። እናት አሰቡ፣ አሰቡ፣ አላወቁትም። በመጨረሻ ጣታቸውን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አንቀሳቅሰው «እዚህ ጋ ናት» አሉ። እህታችን ይህን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት ኖሩ። ወንድማቸውም ዕድሜ ልኩን ሲሰማው ኖረ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1963 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1966 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት በማዕረግ ተመረቁ። በዓመቱ በአንድ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ተቀጠሩ። ያኔ ኮምፒውተር ማለት አዳራሽ የሚሞላ፣ ከሰው ይልቅ ቅዝቃዜ የሚወድ ዕቃ ነበር። ሠራተኞቹ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርበው ይገቡ ስለነበር፣ ልብስ ሰፊው ወንድማቸው ገበር ያለው ካፖርት ሰፋላቸው። እሳቸው ግን ኪሱ እጅ የሚሄድበት ቦታ ላይ አይደለም ብለው ደጋግመው አስፈቱት። ደንበኛ ቢሆኑ ኖሮ ከሱቁ ያስወጣቸው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ጋብቻ መሠረቱ፤ በ1976 ዓ.ም. ብቸኛ ሴት ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው እጅግ ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ ታጋሽ ባይሆኑ አይዘልቁትም ነበር። እህታችን በዚያን ጊዜ ዕቃ ማዘዋወር ይወዱ ነበርና በየወሩ ወጥ ቤቱን እንደ አዲስ ያደራጁታል። ባለቤታቸው ጨው ፍለጋ መሳቢያ ሲከፍቱ ማንኪያ፣ ማንኪያ ፍለጋ ሲከፍቱ መርፌና ክር እያገኙ፣ ያለ ጨው በልተው የሚነሱበት ቀን ብዙ ነበር። እህታችን ለውጭ ሰው ትሁት፣ ለቤት ሰው ቁጡ ስለነበሩም ጎረቤት «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ቢላቸው ሐሰት አልተናገረም።

እዚህ ላይ ሥራቸው ምን እንደነበረ መናገር ግድ ነው። ወንድማቸው ላለፉት አርባ ዓመታት «እህትህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲባል «ኮምፒውተር» እያለ ሲያልፍ ቆይቷል፤ ማስረዳቱ ስለሚያደክም ነው። ዛሬ ግን ማምለጫ የለም። ከውስጥ ያለውን ሞተር የሠሩት ሌሎች ናቸው። እህታችን የሠሩት በሩን ነው፤ ሰው ማሽኑን ሲጠቀም የሚያየውን ስክሪን፣ የሚጫነውን ቁልፍ፣ የቱ ከየቱ አጠገብ እንደሚሆን። በር በደንብ ሲከፈት ማንም ሰው በሩን ልብ አይልም። ስለዚህ የእሳቸውም ሥራ ባማረላቸው ቁጥር አይታይም ነበር፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ያሳዝናቸው ነበር።

በ1981 ዓ.ም. የውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት ለገንዘብ ተቀባዮቹ አዲስ ስክሪን እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። አሮጌው የተዝረከረከ ነበር። እህታችን እንደ ወጥ ቤታቸው አደራጁት፤ ሁሉንም በረድፉ፣ በወጉ። አለቆቹ አይተው አደነቁ። በመስኮት ላይ ከሚሠሩት መካከል ግን ከፍጥነቷ የተነሳ «መብረቅ» የምትባል ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። መብረቅ ቁልፍ አታይም፤ የምታየው የደንበኛውን ፊት ነው፣ የምታወራውም ከእሱ ጋር ነው፣ እጇ ሥራውን ይሠራል። አዲሱ ስክሪን በገባበት ዕለት እጇ እንደ ልማዱ «ተቀበል» ወደሚለው ቁልፍ ሄደ። በዚያ ቦታ የነበረው ግን «ሰርዝ» የሚለው ነበር። ጠዋቱን ሙሉ የሰውን ክፍያ ስትሰርዝ አረፈደች። ሲታወቅ ሰልፈኛው ግቢውን ሞልቶ ይጮህ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ልጅቷን ጥንቃቄ የጎደላት ብለው ከመስኮቷ አነሷት።

እህታችን ነገሩን እንደሰሙ መጡ። ከጥበቃው አንድ በርጩማ ተውሰው ከመብረቅ ኋላ ተቀመጡና በባዶ ማሽን እንድትሠራ አደረጓት። አልተናገሩም፣ አላረሟትም። ልጅቷ «ሰርዝ» የሚለውን በዓይኗ ታነበዋለች፣ እጇ ግን አሁንም እዚያው ይሄዳል። በመጨረሻ አለቀሰች፤ «እኔ እኮ አይደለሁም፣ እጄ ነው» አለች። እህታችን ተነስተው ሥራ አስኪያጁን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የተሳሳተችው እሷ አይደለችም። እጇን ከቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ወደ መስኮቷ ካልተመለሰች እኔም ከዚህ በርጩማ አልነሳም» አሏቸው። ሥራ አስኪያጁ በመርሕ አልተስማሙም፤ ሰልፉ መንገድ ዘግቶ ስለነበር ብቻ ተሸነፉ። መብረቅ ተመለሰች፤ ቁልፉም ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእህታችን ወጥ ቤት ጨው ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም።

ይህ ነገር የሕይወታቸው ሥራ ሆነ። ከ1984 እስከ 1988 ዓ.ም. ባጠኑት የዶክትሬት ጥናት ሰው የሚማረው በጭንቅላቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ እጅም የራሱ ትምህርት እንዳለው፣ ያንን ትምህርት የሚያፈርስ ዲዛይን የቱንም ያህል ቢያምር ጉዳት እንደሆነ አሳዩ። በኋላም በዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት በአጭሩ ይህ ነው፦ እጅ የለመደውን አታንቀሳቅሱ፤ ካንቀሳቀሳችሁ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ እዩ። እሳቸውም ቁጭ ብለው አዩ። ከነርሶች ኋላ፣ ከቲኬት ሻጮች ኋላ፣ ከፖስታ ቤት ሠራተኞች ኋላ ዓመታት ተቀመጡ። ተማሪዎቻቸው «ዶክተር በርጩማ» አሏቸው፤ ስሙን ወደዱት። ሰው ስክሪኑ ላይ ሲቸገር እያዩ አያግዙም፣ ትንፍሽ አይሉም፤ «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የባንክ፣ የሆስፒታልና የቲኬት ስክሪን የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው፤ የሚጫነው ሰው ግን አያውቅም።

ደክሟቸውም ነበር። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ውሸት ይሆናል። አንድ ድርጅት ይጠራቸዋል፣ ያዳምጣቸዋል፣ ያጨበጭብላቸዋል፣ በዓመቱ ሁሉንም ቁልፍ ከቦታው ያነሳዋል። «ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ነው» ይሉ ነበር ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ እየተዘረሩ። ተሳስቷል የተባለ ሠራተኛ ባዩ ቁጥር ያቺ የውሃ ክፍያ መስኮት ትታወሳቸዋለች። በ2003 ዓ.ም. ባለቤታቸው በድንገት አረፉ። በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

ልጃቸው የእናቷን ሙያ ተከትላ፣ በአውሮፕላን በሚያስኬድ ሩቅ ከተማ፣ በአንድ የስልክ ድርጅት የስክሪን ዲዛይን ክፍል ኃላፊ ሆነች። እናት በሰው ፊት ይኮሩባት ነበር፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ይነታረካሉ። በ2012 ዓ.ም. ለእረፍት መጥታ ምሳ ላይ ሳሉ፣ የስልክ ገጽ በየዓመቱ መታደስ እንዳለበት፣ አለበለዚያ ሰው እንደሚሰለች ለእናቷ አስረዳች። እናት ሹካቸውን አስቀመጡ። «ሰው የቤቱ በር ይሰለቸዋል ወይ?» አሉ። ልጅ ዘመኑ ተለውጧል አለች። እናት ዘመን እንጂ እጅ አልተለወጠም አሉ። ወንድማቸው ለማብረድ ብሎ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ቢል ነገሩን ይበልጥ አቀጣጠለው። ልጅ ሳትስቅ ሄደች። ይቅርታ የተባባለ የለም፤ በዚህ ቤት ይቅርታ መባባል አልተለመደም። የቀረው የማታ ስልክ ብቻ ነበር። እናት በየምሽቱ ይደውላሉ፤ በላሽ ወይ ይላሉ፣ በላሁ ትላለች፣ ደህና እደሪ ይላሉ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ ብቻ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የመርሳት በሽታ ጀመራቸው። መጀመሪያ ቃል ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ከዳቦ ቤቱ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ። ወንድማቸው ሱቁን ዘግቶ ከእሳቸው ጋር ሊኖር ገባ። ካፖርቱን እንደሰፋላቸው ረስተው «ይህን የሰፋው ሰው ኪሱን አሳምሮታል» ያሉበት ቀን ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የተገኘች ምስጋና ናት። የማታው ስልክ ግን አልተቋረጠም። ሲመሽ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ አውራ ጣታቸው ወደ ስልኩ የታችኛው ግራ ጥግ ይሄዳል። እዚያ የልጃቸው ፎቶ አለች። ፎቶዋን ሲጫኑ ይደወላል። ቀኑን የማያውቁ ሰው ይህን አይስቱም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ስልኩ ራሱን በራሱ አደሰ። ከዚያ በኋላ የልጃቸው ድምፅ ጠፋ። ልጅ በበኩሏ የእናቷ ስልክ ሲቋረጥባት የምሳው ቂም ያገረሸ መሰላት። ራሷ ስትደውል አይነሳም፤ የማንሻው ዘዴም ተቀይሮ ነበርና። አጎቷን ብትጠይቅ ደህና ናቸው አላት፤ ደህና ስለነበሩ። አገናኘኝ ለማለት ግን ኩራቷ ያዛት። ያልታወቀው ከዚያ ከተዘጋው በር ጀርባ የሚሆነው ነበር። አንድ ምሽት ወንድማቸው ሻይ ይዞ ገባ። እህቱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። አይናገሩም፣ ይጠብቃሉ። ስልኩን ከእጃቸው ተቀብሎ ቢያየው በስክሪኑ ላይ ደመና፣ ፀሐይና የሙቀት ቁጥር ነበር። ጥጉ የልጃቸው መሆኑ ቀርቶ የአየር ሁኔታ ሆኗል። ለሳምንታት በየምሽቱ አየሩን ከፍተው እስኪያናግራቸው ሲጠብቁ ኖረዋል። «ልጄ ዘጋችኝ» አሉት። ወንድማቸው በዕድሜው ብዙ ነገር አይቷል፤ ያን ምሽት ግን ሻዩን ማስቀመጫ ቦታ አጣ።

ልጅቷ አጎቷ ይህን በነገራት ሳምንት መጣች። ሲመሽ ከእናቷ ወንበር ኋላ ቁጭ አለች፤ አልተናገረችም፣ አላገዘችም። የእናቷ አውራ ጣት ወደ ጥጉ ሄደ፣ ደመናው ተከፈተ፣ ስልኩ ወደ ጆሮ ወጣ። ስልኩ የእሷ ድርጅት የሠራው ነው፤ ያንን ጥግ ለአየር ሁኔታ ብቻ እንዲሆን የወሰነው የእሷ ክፍል ነው፤ የፈረመችው ራሷ ናት። ማንም ሰው በግሉ እንዳይቀይረውም ተደርጎ ተዘግቷል፤ እሷም ብትሆን ለእናቷ ብላ ልትከፍተው አትችልም። ሌላ ስልክ ተገዛ፣ እጃቸው አልተቀበለውም። በማግስቱ ጠዋት፣ የእናቷ አእምሮ ጠራ ባለበት ሰዓት፣ «ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለቻቸው። እናት ማንን አይታ እንዳንቀሳቀሰችው ጠየቋት። ወጣቶችን እንዳየች ነገረቻቸው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው አይታ እንደሆነ ጠየቋት፤ አላየችም። ይቆጣሉ ብሎ ወንድማቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሳቸው ግን የልጃቸውን እጅ ይዘው «እኔም አንድ ጊዜ አንቀሳቅሼ ነበር» አሏት። ከዚያ በፊት ለልጃቸው ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም ነበር።

ልጅቷ ወደ ከተማዋ አልተመለሰችም። በእናቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ከድርጅቷ ጋር ዓመት ያህል ተሟገተች። ስንት ሰው ቢጎዳ ነው ይሏታል፤ እሷ ሂዱና ከአረጋውያን ኋላ ተቀምጣችሁ እዩ ትላቸዋለች። አንዳንዶቹ ሄደው አዩ። ወንድማቸው ከጎን ሆኖ ሲሰማ ድምፁ የእህቱ፣ ግትርነቱም የእህቱ ነበር። በመጨረሻ የፈለገ ሰው ነባሩን ገጽ እንደያዘ እንዲቆይ የሚፈቅድ ምርጫ ለሁሉም ስልክ እንዲገባ ተወሰነ። ይህ የእህታችን የመጨረሻ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የደረሰው ግን በ2017 ዓ.ም. የካቲት ነበር፤ በሽታው ቀድሞት ነበር። በዚያን ጊዜ እህታችን በቤታቸው የምትመላለሰው ጎልማሳ ሴት የገዛ ልጃቸው መሆኗን አያውቁም። «የኔ እመቤት» ይሏታል፤ ውሃ ስትሰጣቸው ያመሰግኗታል፣ መልሰው ለምን ቤቷ እንደማትሄድ ይጠይቋታል።

ነባሩ ገጽ በተመለሰበት ምሽት ልጅቷ በዚያው ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አውራ ጣቱ ወደ ጥጉ ሄደ፤ በልጅቷ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። እናት ቀና ብለው በትሕትና «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ልጄን ላነጋግር ነው» አሏት። ልጅቷ ወጥታ በሩን ዘጋች፣ በኮሪደሩ ላይ ቆማ አነሳችው። «አቤት እማዬ» አለች። ድምፁን አወቁት። በላሽ ወይ አሏት።

ከዚያ እስከ መጨረሻው በየምሽቱ እንዲህ ሆነ። ቀኑን በክፍሉ ውስጥ እንግዳ ናት፣ ምሽት ላይ በኮሪደሩ ልጅ ናት። እናት በስልክ አታስቢ ይሏት ነበር፤ እዚህ አንዲት ደግ ሴት አለች፣ ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ ስሟን ግን አላውቀውም ይሏት ነበር። በመጨረሻው ምሽት የተናገሩትን ልጅቷ ለአጎቷ ነግራዋለች። «እኔ አመሰግናታለሁ፣ ግን እረሳዋለሁ መሰለኝ። አንድ ቀን መጥተሽ በሰው ፊት አመስግኚልኝ» ነበር ያሉት። እሺ ብላቸዋለች።

ታላቅ እህታችን ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸውን፣ በየአገሩ ያሉ ተማሪዎቻቸውን፣ ዛሬም በሥራ ላይ ያሉትን በሮቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከቀባሪዎቹ መካከል በጡረታ ላይ ያለችው መብረቅ ትገኛለች፤ ስለመጣች ቤተሰቡ ያመሰግናል።

አንድ አደራ ይቀራል። ልጃቸው እሺ ያለችውን ልትፈጽም አልቻለችም፤ ሰው ተነስቶ ራሱን አያመሰግንም። ስለዚህ የደከመው ወንድማቸው በእሷ ቦታ ቆሟል። አንቺ ከፊት ወንበር ላይ አንገትሽን የደፋሽ ደግ ሴት፣ ቀና በዪ፤ እናትሽ በሰው ፊት አመስግኑልኝ ብለዋል። እናመሰግንሻለን።

ፈጣሪ የለፉትን እጆቻቸውን ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውንም ፍለጋ ሳያደክማቸው በሚያገኙት በር ይቀበል።